የስክሪንና የጌም ሙያ በወረርሽኝ ጊዜ፦ ከሜልበርን ያየነውና የከተማችን ወጣቶች ጥያቄ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገር ሲጋብዘኝ ብዙዎቻችሁ ስለ ጤና ጣቢያው የማወራ መስሏችሁ ነበር። አይፈረድባችሁም። ነርስ ነኝ፤ የነርስነት ዲግሪዬንም ያገኘሁት እዚሁ ሜልበርን ነው፤ በየዓመቱ እዚህ ቆሜ የማቀርበውም የመድኃኒትና የአልጋ ሪፖርት ነው። ዛሬ ግን የምናገረው ስለ ፊልም፣ ስለ ቴሌቪዥን ድራማና ስለ ኮምፒውተር ጌም ነው። ምክንያቱ ከምሳ በኋላ በአጀንዳችን ላይ የምናገኘው የከተማችን ወጣቶች ደብዳቤ ነው። ላላነበባችሁት ባጭሩ ይህን ይላል፦ ሁለት ካሜራ፣ አንድ የድምፅ መቅጃ፣ ሦስት ኮምፒውተርና የአንድ ክፍል የዓመት ኪራይ ይሰጠን፤ ከክፍሉ ጎን ደግሞ የፕሌይስቴሽን ቤት የምንከፍትበት ገንዘብ ይጨመርልን።

ደብዳቤው በዋትስአፕ ግሩፓችን ላይ በወጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አንድ በጣም የማከብራቸው አባታችን «የጤና ጣቢያው ጣሪያ እያፈሰሰ እኛ ለጨዋታ ገንዘብ እንሰጣለን?» ብለው ጻፉ። ብዙ ሰው ደገፋቸው። የጣሪያውን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ባልዲውንም አይቻለሁ፤ ስለዚህ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው እላለሁ። ለመልሱ ግን ሩቅ አገር አልሄድም። የምንኖርባት የቪክቶሪያ ግዛት በኮቪድ ዘመን ይኸው ጥያቄ ቀርቦላት ነበር። ሆስፒታል ተጨናንቆ፣ ሰው እየሞተ፣ ለፊልምና ለጌም ሠሪዎች ገንዘብ ይሰጣል ወይ?

ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ። ሜልበርን ከማርች 2020 እስከ ኦክቶበር 2021 ድረስ ስድስት ጊዜ ተዘግታ በድምሩ 262 ቀን ቤት ተቀምጠናል። ከኦገስት 2020 ጀምሮ የሰዓት እላፊ ነበር፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት። ከቤታችን አምስት ኪሎ ሜትር በላይ መራቅ ክልክል ነበር። ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ የምነግረው አገር ቤት ሆነው ይህን መጽሔት ለሚያነቡት ነው። በዚያ በሁለተኛው ማዕበል ቪክቶሪያ ውስጥ ከ800 በላይ ሰው ሞቷል፤ አብዛኞቹ በአረጋውያን መጦሪያ የነበሩ ናቸው።

በመጀመሪያ የፊልም ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ይህ ካልገባን ሌላው አይገባንም። የፊልም ሠራተኛ በአብዛኛው ደመወዝተኛ አይደለም። ፊልም ማለት እንደ ሠርግ ነው፤ ድንኳን ይተከላል፣ ሰማንያ ዘጠና ሰው ይሰበሰባል፣ መብራት የሚይዘው፣ ልብስ የሚሰፋው፣ ምግብ የሚያቀርበው፣ መኪና የሚነዳው ለስድስት ለሰባት ሳምንት አብሮ ይበላል፤ ከዚያ ድንኳኑ ይፈርሳል፤ ሁሉም ሌላ ሠርግ ፍለጋ ይሄዳል። አንድ የመብራት ባለሙያ በዓመት ውስጥ አምስት አሠሪ ሊኖረው ይችላል።

በማርች 2020 ሁሉም ነገር ሲቆም የፌዴራሉ መንግሥት ጆብኪፐር የተባለውን ድጎማ አወጣ፤ ለአንድ ሠራተኛ በየሁለት ሳምንቱ 1,500 ዶላር በአሠሪው በኩል። ጥሩ ገንዘብ ነበር፤ ብዙ ቤት አድኗል። ነገር ግን ቋሚ ያልሆነ ሠራተኛ ለማግኘት ከአንድ አሠሪ ጋር ቢያንስ 12 ወር መቆየት ነበረበት። ከድንኳን ወደ ድንኳን የሚዞር ሰው ከየት ያምጣው? በኤቢኤን ለራሳቸው የሚሠሩት ገቢያቸው በ30 በመቶ መቀነሱን አሳይተው ገብተዋል። የቀሩት ወደ ሥራ አጥ ድጎማ ሄዱ። በጊዜያዊ ቪዛ ያሉት ደግሞ ከጆብኪፐርም ጭራሽ ውጭ ነበሩ፤ ከመካከላቸው የእኛ ተማሪዎችም እንደነበሩ፣ ሩዝና ዘይት በየቤታቸው ያደረስን ሁሉ እናስታውሳለን።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው ማርች 13 ቀን 2020 ነው፤ በኤፕሪል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ከአራት ሰው በላይ ካልተሰበሰበ ሠርግ የለም፤ ሠርግ ከሌለ ቪዲዮ የሚቀርጸው፣ ድንኳን የሚያከራየው፣ የሚዘፍነው፣ ካሴት የሚያጫውተው ልጅ ገቢ የለውም። እኛ በዚያ ጊዜ ማስክና ሳኒታይዘር ላክን፤ ደግ አደረግን። ደብዳቤውን ከጻፉት ልጆች አንዱ በዚያው ዓመት ካሜራውን ሸጦ ነው የቤተሰቡን የቤት ኪራይ የከፈለው። ዛሬ ካሜራ ስጡን ሲሉ አዲስ ነገር እየጠየቁ እንዳልሆነ እወቁልኝ።

ወደ ሜልበርን ልመለስ። ፊልም ሠሪዎቹን ያቆማቸው ቫይረሱ ብቻ አልነበረም፤ ኢንሹራንስም ነበር። ፊልም የሚሠራው በብድርና በቅድመ ሽያጭ ነው፤ ገንዘብ የሚያወጣው ባንክ ወይም አከፋፋይ ሥራው ቢቋረጥ ማን ይከፍላል ብሎ ይጠይቃል። የኢንሹራንስ ድርጅቶች ደግሞ በአዲስ ውል ውስጥ ኮቪድን አናካትትም አሉ። እንግዲህ መቅረጽ ሕግ ቢፈቅድም እንኳ ዋስ የለም። ዋስ ከሌለ ገንዘብ የለም። በጁን 2020 መንግሥት የ50 ሚሊዮን ዶላር ፈንድ አቋቋመና ስክሪን አውስትራሊያ በተባለው መሥሪያ ቤት በኩል ዋስ ሆኖ ቆመ፤ ቀረጻው በኮቪድ ምክንያት ቢቋረጥ ኪሳራውን እጋራለሁ ማለት ነው። እኔ ይህን ስሰማ ዕድራችን ትዝ አለኝ። የዕድር ገንዘብ ሰው እስኪሞት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚውለው፤ ግን መኖሩ ብቻ ሰውን በሰላም ያስተኛዋል። ከሁሉም ድጎማ ይልቅ ይህኛው ብልህ ሥራ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከኢንሹራንስ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ እንዴት ሳይታመሙ ይሥሩ የሚለው ነው፤ እዚህ ጋ ነው የእኔ ሙያ የገባው። «ኔበርስ» የተባለውን ድራማ ታውቁታላችሁ፤ ከ1985 ጀምሮ ይታይ የነበረ፣ በሜልበርን ምሥራቅ ኑናዋዲንግ በሚገኝ ስቱዲዮ ይሠራ የነበረ ነው። በኤፕሪል 2020 መጨረሻ ላይ ወደ ቀረጻ ሲመለስ በዓለም ላይ ከተመለሱት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ያደረጉት ነገር ቀላል ነው። ሠራተኛውን እርስ በርስ በማይገናኙ ቡድኖች ከፈሉት፤ በአንድ ቡድን ከመቶ ሰው አይበልጥም፤ አንዱ ጋ በሽታ ቢገባ ሌላው እንዲቀጥል። ተዋናዮቹ በ1.5 ሜትር እንዲራራቁ ተደረገ፤ መሳምም ሆነ እጅ ለእጅ መያያዝ የለም፤ ካሜራው ከጎን ሲያነሳቸው የተቀራረቡ ይመስላሉ። በቦታው ላይ ሙቀት የምትለካ ነርስ ተቀመጠች። አገር ሁሉ ነርስ በሚፈልግበት ጊዜ ድራማ ነርስ ይቀጥራል ብለው የተቆጡ የሥራ ባልደረቦች ነበሩኝ። እኔ አልተቆጣሁም። በአንድ ሕንፃ ውስጥ መቶ ሰው ሰብስቦ ሳያስታምም ያዋለ ሥራ ሌላውም የሚማርበት ነውና። ብዙም ሳይቆይ ለመላው የስክሪን ሙያ የሚሆን የኮቪድ ጥንቃቄ መመሪያ ወጣ።

በ2021 እኔም ከሆስፒታል የዕረፍት ቀኖቼ በአንዳንዶቹ የቀረጻ ቦታ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። የማን ሥራ እንደነበረ አልናገርም። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት በር ላይ ቆሜ ሙቀት እለካለሁ፤ ትኩሳት አለህ ወይ፣ ሳል አለህ ወይ እላለሁ፤ አፍንጫ ውስጥ ምርመራ እወስዳለሁ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ እዞራለሁ። ከሁሉም ያሳሰበችኝ ሜካፕ የምትሠራዋ ልጅ ነበረች፤ እንደ ጥርስ ሐኪም የሰው ፊት ላይ ነው የምትውለው፤ ተዋናዩ ማስክ አያደርግም። ምሳ በየግል ሳጥን ታሽጎ ይመጣል። (ጉርሻ የሚባል ነገር ለማስረዳት ሞክሬ ሳቁብኝ።)

በዚያ ሥራ ላይ የተማርኩት ትልቁ ነገር ከበሽታ ይልቅ ስለ ገንዘብ ነበር። አንድ ጠዋት አንድ የመብራት ሠራተኛ ሙቀቱ ደህና ነው፤ ጥያቄዎቹን ሁሉ «የለም፣ የለም» ብሎ መለሰ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከጄኔሬተሩ ጀርባ ሲያስል ሰማሁት። ጠጋ ብዬ ስጠይቀው ከትናንት ጀምሮ እንደሆነ ነገረኝ። ለምን ደበቅህ አላልኩትም፤ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ወደ ቤት ከተላከ የዚያ ቀን ክፍያ የለም፤ ነገም ሌላ ሰው ይተካል። የቪክቶሪያ መንግሥት በ2020 አጋማሽ ላይ ሕመም ፈቃድ ለሌላቸው ሠራተኞች የምርመራ ውጤት እስኪመጣ ቤት እንዲቀመጡ 450 ዶላር፣ በሽታው ለተገኘባቸው ወይም ከታማሚ ጋር ለተነካኩ ደግሞ 1,500 ዶላር መስጠት ጀምሮ ነበር። ሰውየው ይህን አልሰማም። ስልኩ ላይ ማመልከቻውን አብረን ሞላነውና ሄደ። ውጤቱ በማግስቱ ነፃ መጣ፤ ጉንፋን ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት በር ላይ ስቆም ከሙቀት መለኪያው በፊት ስለ 450 ዶላሩ እናገራለሁ። ሳል የሚደብቅ ሰው ቀነሰ።

ስለ ጌም አሁን ልናገር፤ አባቶቻችን «ጨዋታ» ያሉት ይኸው ነው። ቪክቶሪያ ከአውስትራሊያ ግዛቶች ሁሉ ብዙ የጌም ስቱዲዮ ያላት ናት። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የግዛቷ የስክሪን መሥሪያ ቤት፣ በዚያ ጊዜ ፊልም ቪክቶሪያ ይባል ነበር፣ ከሃያ ዓመት በላይ ለጌም ሠሪዎች አነስተኛ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። የፌዴራሉ መንግሥት በበኩሉ የ20 ሚሊዮን ዶላር የጌም ፈንድ ጀምሮ በ2014 ሰረዘው። ቪክቶሪያ አላቆመችም። ስለዚህ ወረርሽኙ ሲመጣ በቪክቶሪያ የቆመ ነገር ነበር። በክፉ ቀን የሚደርስ እርዳታ ቀድሞ በደህና ቀን የተተከለ ነገር ካላገኘ የሚያርፍበት የለውም።

አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ። በሜልበርን አራት ጓደኛሞች ሃውስ ሃውስ በሚል ስም ተሰባስበው «አንታይትልድ ጉስ ጌም» የተባለ ጌም ሠሩ። ታሪኩ ምንድን ነው? አንዲት ዝይ በአንድ መንደር ውስጥ እየዞረች ሰው ታስቸግራለች፤ የአትክልተኛውን ቁልፍ ትሰርቃለች፣ ልጁን ታባርራለች። በቃ ይኸው ነው። ፊልም ቪክቶሪያ ደገፋቸው። በሴፕቴምበር 2019 ወጣ፤ በሦስት ወር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ በ2020 መጀመሪያ በአሜሪካ ከሙያው ትልልቅ ሽልማቶች ሁለቱን የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ ወሰደ። ለእኔ ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነው፤ ልጆቹ ከጌሙ ገቢ ቢያንስ አንድ በመቶውን ለአገሩ ነባር ሕዝቦች ድርጅቶች እንደሚሰጡ አሳወቁ፤ ጌሙ የተሠራው በእነሱ መሬት ላይ ነው በማለት። ገንዘብ ያዥአችን ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል፤ ስንቶቻችን ነን ከገቢያችን አንድ በመቶ ለተወለድንበት ከተማ የምንሰጥ?

ከእኛም ወገን ጀማሪዎች አሉ። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የሚል ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ጌም ሠርቷል። እነሱ በዝይ፣ እኛ በዶሮ።

ጌም ሠሪዎች ወረርሽኙን ከፊልም ሠሪዎች በተሻለ አልፈዋል። ኮምፒውተራቸውን ተሸክመው ቤታቸው ገቡ፤ ሥራው ቀጠለ፤ ገዢውም ቤቱ ተቀምጧል። በመላው አውስትራሊያ የጌም ሠሪዎች ገቢ በ2019/20 የበጀት ዓመት 184.6 ሚሊዮን ዶላር የነበረው በቀጣዩ ዓመት ወደ 226.5 ሚሊዮን አድጓል። የዓለም ጤና ድርጅትም ሳይቀር በማርች 2020 ሰው ተራርቆ አብሮ እንዲጫወት የሚያበረታታ ዘመቻ ደግፏል፤ ያው ድርጅት ከአንድ ዓመት በፊት ከልክ ያለፈ የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ እንደ መድኃኒት ልኩ ነው የሚወስነው።

ሆኖም ለትንንሾቹ ስቱዲዮዎች አንድ በር ተዘግቷል። በየዓመቱ በማርች ሳን ፍራንሲስኮ በሚደረገው የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ነው ከአሳታሚ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝተው ውል የሚያገኙት። የ2020ው ጉባኤ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ትኬት ገዝቶ፣ ሥራውን አዘጋጅቶ የነበረ ልጅ ምን ያድርግ? የሜልበርን የጌም ሳምንትም በዚያ ዓመት በኢንተርኔት ነው የተካሄደው። የሜልበርን የፊልም ፌስቲቫልም እንዲሁ። ሰው ከሰው ጋር ካልተያየ በስክሪን ብቻ ንግድ እንደማይያዝ እኛ ገንዘብ ስናሰባስብ አይተነዋል፤ የዙም እራታችን ስንት እንዳስገባ ታስታውሳላችሁ።

መንግሥት ያደረገው ሁሉ ልክ ነበር አልልም። በኤፕሪል 2020 የንግድ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የአገር ውስጥ ድራማ፣ የሕፃናት ፕሮግራምና ዶክመንተሪ የማሳየት ግዴታቸው ለዚያ ዓመት ታገደላቸው። ጣቢያዎቹ ማስታወቂያ ስላጡ ተባለ። ልጆች ቤት ተዘግተው በሚውሉበት ዓመት የሕፃናት ፕሮግራም ግዴታን ማንሳት ለእኔ አይገባኝም። በጁላይ ደግሞ ከውጭ የሚመጡ ትልልቅ ፊልሞችን ለመሳብ 400 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። የውጭ ፊልም ሲመጣ መብራት የሚይዘውና ሹፌሩ የዕለት ክፍያ ያገኛሉ፤ ይህን አልንቅም። ዶክላንድስ ላይ 46 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ፣ 3,700 ካሬ ሜትር የሚሆን አዲስ የቀረጻ አዳራሽ በ2022 ተጠናቋል፤ ሥራ አምጥቷል። ነገር ግን ታሪኩ የሌላ ነው። ጃንዋሪ 2021 ላይ «ዘ ድራይ» የተባለው፣ በቪክቶሪያ ገጠር የተቀረጸው ፊልም ሲወጣ፣ የሆሊውድ ፊልሞች ተራዝመው ሲኒማ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ሕዝቡ የራሱን አገር ድርቅና የራሱን አነጋገር ለማየት ሄደ፤ በአውስትራሊያ ብቻ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ያ ፊልም የተቀረጸው ከወረርሽኙ በፊት ነው። በሴፕቴምበር 2021 ፊልም ቪክቶሪያ ስሙን ቪክስክሪን አድርጎ ሲቀይር ግዛቷ የአራት ዓመት የ191.5 ሚሊዮን ዶላር ዕቅድ አወጣች፤ ፊልም፣ ቴሌቪዥንና ጌም በአንድ ላይ። ከተማው ገና ተዘግቶ ሳለ ነው ይህ የተነገረው።

አሁን ወደ ጣሪያው ልምጣ፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር። ጁላይ 4 ቀን 2020 ከሰዓት በኋላ በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልበርን የሚገኙ ዘጠኝ የመንግሥት ፎቆች ያለ ማስጠንቀቂያ ተዘጉ፤ 3,000 ያህል ሰው ፖሊስ በር ላይ ቆሞበት ታገደ። የእኛ ሰዎች እዚያ ነበሩ፤ ሶማሌው፣ ኤርትራዊው፣ ሱዳናዊው ነበር። የግዛቷ እንባ ጠባቂ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አዘጋጉ የሰብዓዊ መብት ሕግን የጣሰ ነበር ብላለች። በዚያ ሳምንት ስልኬ አላረፈም። እናቶች «ምን እያሉ ነው?» ይሉኛል፤ ወረቀት በበር ሥር ገብቶላቸዋል፤ እንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ቢሆንስ? ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም።

የድምፅ ሙያ ተምሮ ሥራ የፈታ የእኛው ልጅ ደወለልኝና «እትዬ፣ አንቺ ተናገሪ፣ እኔ አሳምረዋለሁ» አለኝ። በስልክ እየመራኝ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቼ ጋቢ ተከናንቤ ቀዳሁ፤ ማሚቶ እንዳይኖረው ነው። ሦስት ደቂቃ ነው፤ ምርመራ ማለት ምን እንደሆነ፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ያለቀባቸው ምን ማድረግ እንዳለባቸው፣ ምግብ ካልደረሳቸው የት እንደሚደውሉ። እርሱ ቆራርጦ አጸዳው፤ ጩኸቱን አወጣ፤ በዋትስአፕ ለቀቀው። በማግስቱ አንዲት እናት «ልጄ፣ ድምፅሽን አራት ጊዜ ሰማሁት፤ ኢንሱሊኔን ጠየቅሁ» አለችኝ። እኔ ብቻዬን ቀድቼው ቢሆን ኖሮ ግማሹ አይሰማም ነበር፤ ከመቅዳቴ በፊት በራሴ ስልክ ሞክሬው አውቀዋለሁ። ያ ልጅ ለዚያ ሥራ ሳንቲም አልተከፈለውም።

ስለዚህ ለዛሬው ውሳኔ ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው። የጤና ጣቢያው ጣሪያ ይሠራ፤ ሙሉ በሙሉ፣ ከክረምት በፊት። እጄን የማነሳው የመጀመሪያዋ ነኝ። ከጣሪያው የሚተርፈው ገንዘብ ለአጥርና ለግድግዳ ቀለም ተይዟል። አጥሩ ይሠራ፤ ከብት ይገባል። ቀለሙ ግን አንድ ዓመት ይቆይ። የቀለሙ ገንዘብ ለልጆቹ ይዋል። ቀለም የሌለው ግድግዳ በሽተኛ አያባብስም።

የፕሌይስቴሽን ቤቱን አልደግፍም። በሰዓት እያስከፈለ ልጆችን ከትምህርት ቤት የሚያስቀር ንግድ ነው፤ ከፈለጉ እንደ ማንኛውም ነጋዴ በራሳቸው ይክፈቱ። ጌም መጫወትና ጌም መሥራት አንድ አይደሉም። በሦስቱ ኮምፒውተሮች ላይ ጌም መሥራት የሚማር ቢኖር ደስ ይለኛል፤ እዚህ ሙያውን የተማሩ የአባሎቻችን ልጆች በኢንተርኔት ለማስተማር ፈቃደኛ ናቸው፤ ሁለቱን አነጋግሬያለሁ።

ዕቃውን ብቻ ገዝተን መላክ ግን አይበቃም። ሜልበርን ላይ ያየሁት ካሜራ ስለጠፋ ሳይሆን የዕለት ክፍያ ስለጠፋ ነው ሰው ሙያውን የለቀቀው። ስለዚህ ከገንዘቡ ግማሹ የሥራ ክፍያ ይሁን። ሥራው ይህ ነው፦ ጤና ጣቢያው የሚመርጣቸው ስድስት አጫጭር ቪዲዮዎችና የድምፅ መልእክቶች። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የእርግዝና ክትትል፣ የሕፃናት ክትባት፣ ሌላውን የጤና ባለሙያዎቹ ይጨምሩ። በከተማችን አነጋገር፣ በከተማችን ሰው ፊት። ክፍያው በሦስት ይከፈል፤ ጽሑፉ ሲጸድቅ፣ ቀረጻው ሲያልቅ፣ ሥራው ሲረከብ። ጽሑፉን በአማርኛ የማነበው እኔ እሆናለሁ፤ ያለ ክፍያ። ዕቃው በማኅበሩ ስም ይመዝገብ፤ ዋስ ይጥሩ፤ ለሠርግ ሲያከራዩት ከገቢው ትንሽ ተቀንሶ ለብቻው ይቀመጥ፤ ዳግም ሠርግ የሚቋረጥበት ጊዜ ቢመጣ ካሜራ እንዳይሸጡ።

አባታችን «ለጨዋታ» ሲሉ ልባቸው ያለው ጤና ጣቢያው ላይ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእኔም እዚያው ነው። ከምሳ በኋላ ከልጆቹ ሁለቱ በስልክ ይገባሉ፤ እዚያ ገና ጠዋት ነው። የዋጋ ዝርዝሩ ከቡናው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ካሜራው ውድ ነው የምትሉ ካላችሁ ያገለገለ የሚሸጥበትን ቦታ የሚያውቅ አባል ስላለን ከድምፅ መስጠቱ በፊት እንነጋገርበት።